የክረምት ቅዳሜና እሁድ ከጓደኛ ጋር፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የቱ ውሃ ዳር ይሻላል?

ሎጆች የሚለጥፏቸው ፎቶዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የበጋ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወንዙ ድንጋይ መሐል ኩልል እያለ ይወርዳል። ጎጆዋ ደጅ ላይ ሁለት ወንበርና አንድ ጀበና አለ። እናንተ ግን የምትሄዱት ሐምሌ ላይ ነው። ያን ጊዜ ወንዙ ደፍርሶ ይጮኻል፣ ወንበሮቹ ቤት ገብተዋል፣ ወደ ጎጆዋ በሚወስደው መንገድ ጥበቃው እንኳ በቦቲ ነው የሚመላለሰው።

ክረምት ላይ አትውጡ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እኔ ከበጋው የክረምቱን እመርጣለሁ። አገሩ ለምልሟል፣ አቧራ የለም፣ ሰውም ቀለል ይላል። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ዝናቡ ራሱ ያግዛል። የትም መሄድ ስለማይቻል ቁጭ ተብሎ ይወራል። የሚያስቸግረው መምረጡ ነው።

እዚህ የሎጅ ስም እየጠራሁ አላወዳድርም። የማወዳድረው አቅጣጫ ነው። በአንድ አቅጣጫ ያሉ ማረፊያዎች መንገዱን፣ ብርዱንና ውሃውን ይጋራሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ከአልጋው ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚወስኑት። አቅጣጫውን ከመረጣችሁ በኋላ ቤት መምረጡ ቀላል ነው።

## መለኪያዎቹ

መንገድ። ከሁሉ በፊት የማየው ይህን ነው። "መንገዱ አስፓልት ነው" የሚል መልስ አይበቃም። ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና መንገዶች ሁሉም አስፓልት ናቸው። መጠየቅ ያለበት ከአስፓልቱ ከወጣችሁ በኋላ እስከ በሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀር፣ አፈሩስ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ጠጠር ከሆነ ግድ የለም። መረሬ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ከከተማው በስተደቡብና በስተምዕራብ ያለው ሜዳ ብዙው ይሄው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ላይ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። በቪትዝ አንድ ኪሎ ሜትር መረሬ ከመግባት ሠላሳ ኪሎ ሜትር አስፓልት መጨመር ይሻላል። መግባቱ ብቻም አይደለም። ቅዳሜ በደረቁ የገባችሁበት መንገድ ሌሊቱን ሲዘንብበት ካደረ እሁድ ላያስወጣችሁ ይችላል። ሰኞ ሥራ ያለው ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

መንገድ ሲባል ደህንነቱም አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ አንዳንድ መስመሮች ላይ ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። በምትሄዱበት ሳምንት ሎጁንም፣ በመስመሩ የሚሠራ ሹፌርም ጠይቁ። ሎጁን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። እንግዳ የሚፈልግ ሰው "ሰላም ነው" ማለቱ አይቀርም። በቀን ሂዱ፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ግቡ።

ውሃው። ክረምት ላይ ጥሩ የወንዝ ዳር ቤት ወንዙን ከላይ ሆኖ የሚያይ ቤት ነው። ደጁ ላይ እግር የሚነከርበት አይደለም። ጎርፍ እናንተ ጋ ዝናብ እስኪዘንብ አይጠብቅም። አዋሽን ውሰዱ። የሚነሳው ከጊንጪ አካባቢ ነው፣ ከዚያ የበቾን ሜዳ አቋርጦ ይወርዳል። እናንተ ያላችሁበት ጠብ ሳይል፣ ላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ሌሊት ሊደርስባችሁ ይችላል። ቦታው ላይ ከደረሳችሁ አጥርና ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ፌስታል ፈልጉ። ካለ፣ ውሃው እስከዚያ ደርሶ ያውቃል። በስልክ ከሆነ ደግሞ "አምና ነሐሴ ውሃው እስከ የት መጣ?" በሉ። የቦታው ሰው ከሆነ ወዲያው ይነግራችኋል። "እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ነገር የለም" ብቻ ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

የውሃውን ጥራትም አስቡ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማችንን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ነው የሚወርዱት። በዚያ መስመር "ወንዝ ዳር" የሚባል ቦታ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ አሽትቱት።

ብርድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አንድ ሺህ ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ስትወጡ ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የክረምት ብርድ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ብርድ ጋር አንድ አይደለም። የበጋው ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፣ ፀሐይ ስትወጣ ግን ይለቃል። የክረምቱ ቀኑን ሙሉ አይለቅም፣ ምክንያቱም እርጥበት ነው። አንሶላው ራሱ ርጥብ ርጥብ ይላል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የእሳት ማንደጃ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ጭስ መውጫው መሥራቱንና ደረቅ እንጨት መኖሩን ጠይቁ። ሐምሌ ላይ ደረቅ እንጨት ቀድሞ ካልተከማቸ አይገኝም። እንጨቱ ከክፍሉ ዋጋ ጋር ይሁን ለብቻ ይሁን አጣሩ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ማንደጃ የሌለበት ክፍል ውስጥ "እንዳይበርዳችሁ" ብለው የከሰል ምድጃ ቢያመጡላችሁ አታስገቡ። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል። በየዓመቱ እንሰማዋለን። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ።

ጣሪያውም ይቆጠራል። ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ ከሆነ፣ ማታ ዝናብ ሲወርድ ከጓደኛችሁ ጋር በጩኸት ነው የምታወሩት። ሣር ክዳን ድምፁን ይውጣል፣ ግን ካልታደሰ ያፈሳል።

ዋጋ። ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የተነገራችሁ ዋጋ የመጨረሻ ነው ወይስ ሰርቪስና ቫት ይጨመርበታል? ምሳሌ ልስጥ። "4,000 ብር ፕላስ ፕላስ" ከተባላችሁ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 4,400 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 5,060 ብር ነው። ለሁለት ስትካፈሉ ለየራሳችሁ 2,530 እንጂ 2,000 አይደለም። ሁለተኛ፣ አልጋው። "ደብል" ካሏችሁ አንድ ትልቅ አልጋ ነው። ሁለት አልጋ ከፈለጋችሁ "ትዊን" በሉ፣ በቴክስትም አስጽፉት። ማታ ደርሶ አንዱ ሶፋ ላይ እንዲተኛ ከመከራከር ይሻላል።

ጾምና ድምፅ። የሰኔ ጾም እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ይዘልቃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይይዛል። ከሁለታችሁ አንዱ ጾመኛ ሌላው ያልሆነ እንደሆነ ወጥ ቤቱ ለሁለቱም ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ትንንሽ ቦታዎች ቅዳሜ ጠዋት ነው ገበያ የሚሄዱት፣ ስለዚህ ዓርብ መንገር ጥሩ ነው። ድምፅን በተመለከተ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ "ቅዳሜ ሠርግ ወይም የድርጅት ፕሮግራም አላችሁ?"

## ቢሾፍቱ፦ የማያስጨንቀው ምርጫ

45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቱሉ ዲምቱ በኩል ፈጣኑን መንገድ ከያዛችሁ የሚያስጨንቃችሁ ቃሊቲን ማለፍ ብቻ ነው። መኪና የሌለው ሰው ከቃሊቲ መናኸሪያ ይሳፈራል፣ ሲደርስ ባጃጅ ይይዛል። ከሁሉም አማራጮች ለመኪና አልባ ሰው የሚመቸው ይሄ ነው።

ወንዝ ግን የለም። ያለው ሐይቅ ነው፦ ባቦጋያ፣ ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ። ክረምት ላይ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው። አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው። ሌሊት ተነስቶ ደጃፍ የሚደርስ ደራሽ የላቸውም። ማረፊያዎቹም ከፍ ብለው ዳርቻው ላይ ነው የተሠሩት። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በሦስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሦስት ዲግሪ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ማታ በረንዳ ላይ መቀመጥና አለመቀመጥ የሚለየው ግን በእሷ ነው።

ጉዳቱ ዋጋውና ጩኸቱ ነው። ሐይቁን የሚያዩ ክፍሎች በዙሪያው ካሉ አማራጮች ሁሉ ውድ ናቸው። ቅዳሜ ሠርግ፣ ልደት፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይበዛል፣ ዲጄውም እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ቆጠብ ማለት የሚፈልግ ግን መላ አለው። ከተማው ውስጥ ደህና ፔንሲዮን ይዞ ማደር፣ ሐይቅ ዳር ምሳ በልቶ ወይም ቡና ጠጥቶ መዋል። ለሁለት ሰው ወጪው በጣም ይቀንሳል። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት አትሞክሩ። ጥልቅ ነው፣ ዳሩም በድንገት ነው የሚገባው።

ጉዟችሁ ወደ ክረምቱ መውጫ የሚገፋ ከሆነ ከመስቀል ቀጥሎ ያለውን የሆራ ኢሬቻ ቅዳሜና እሁድ ለይታችሁ እወቁ። በዓሉን ለማክበር ከሆነ የሄዳችሁት በጣም ደስ ይላል። ለዕረፍት ከሆነ ክፍልም መንገድም አታገኙም።

## ደብረ ሊባኖስና የገደሉ አፋፍ፦ ለዓይን አቻ የለውም፣ ከታየ

በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። እንጦጦን ወጥታችሁ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ደብረ ጽጌን አልፋችሁ ፍቼ ሳትደርሱ ትታጠፋላችሁ። ሙሉ መንገዱ አስፓልት ነው። ግን ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ጉም ይወርድበታል። ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ መብራት አብርቶ መንዳት የግድ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ሱሉልታ የወተት አገር ነው፣ መንገድ ላይ ትኩስ ወተት ሳይጠጡ ማለፍ ነውር ይመስለኛል።

እዚህ ያለው ውሃ ከታች ነው። አፋፉ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ሸለቆ ውሃውን ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚልክ ነው። በተለምዶ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውና ራስ ዳርጌ እንዳሠሩት የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ እዚሁ አለ። በበጋ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ቀጭን ነው። ክረምት ላይ ግን ሞልቶ ከድልድዩ ሥር አልፎ ገደሉን ይዘላል። ይህን ለማየት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው ወራቱ። ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ጫፍ ድረስ ሄዶ ፎቶ መነሳት ይቅር። ጭላዳዎች ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። ከሰው አይሸሹም።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ጉም። አንድ ክረምት ከጓደኛዬ ጋር "ከአልጋችሁ ሆናችሁ ሸለቆውን ታያላችሁ" የተባለ ክፍል ይዘን ነበር። መስኮቱን ስንከፍት ያየነው ነጭ ነው። ማታም ነጭ፣ ጠዋትም ነጭ። "ወንዙስ?" ስንል አስተናጋጁ በጣቱ ወደ ጉሙ ውስጥ ጠቆመና "እዚያ ታች ነው፣ በእግር ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ነው" አለን። ማስታወቂያው ላይ "የወንዝ ዳር" ተብሎ ነበር የተጻፈው። ደግነቱ አሁንም ሲያስቀን ይኖራል። በኋላ እንደገባኝ ጉሙ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይገለጣል። ስለዚህ እሁድ ቁርስ በልታችሁ ወዲያው አትነሱ። ቼክአውቱን አስረዝሙ።

ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፣ ግን ክፍት አፋፍ ስለሆነ ነፋሱ ይጨምርበታል። ማንደጃ የሌለው ክፍል እዚህ አልይዝም።

ቀን ስትመርጡ አንድ ነገር አስታውሱ። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓል ነሐሴ 24 ነው። ምእመኑ ከየአገሩ ይመጣል። ለበዓሉ የሚሄድ ሰው ከብዙ ቀን በፊት ይዘጋጅ። ለዕረፍት የሚሄድ ሌላ ሳምንት ይምረጥ። በፍልሰታም ገዳሙ ሱባኤ የያዘ ሰው ይሞላዋል። ያን ሰሞን በአካባቢው ጥብስ እያሉ መዞር አያምርም፣ አይገኝምም። ገዳሙን የምትጎበኙ ከሆነ ነጠላና ረዘም ያለ ልብስ ያዙ።

## መናገሻ ሱባ፦ ለእግረኛ

ለከተማው በጣም ቅርብ ነው፣ ስሜቱ ግን በጣም ሩቅ ነው። በሰበታም በሆለታም በኩል ይገባል። ከአስፓልት በኋላ ያለው መንገድ ረዘም ይላል፣ ክረምት ላይም ይከብዳል። ከፍ ያለ መኪና ከሌላችሁ ሌላ ቦታ ምረጡ። ይህን ስል ቦታውን ማጣጣሌ አይደለም።

ደኑ ጥንታዊ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኮሶ። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አሉ። ከበላዩ የወጨጫ ተራራ 3,385 ሜትር ድረስ ይወጣል። ወንዝ የሚባል ትልቅ ውሃ የለም። ክረምት ላይ ግን በየጥጋጥጉ ጅረት ይፈስሳል፣ ምንም ጎርፍ ሳትፈሩ የውሃ ድምፅ እየሰማችሁ ታድራላችሁ።

ምቾት ፈላጊ እዚህ አይመጣም። የእንግዳ ማረፊያ ሲባል ቀላል ነገር አስቡ። ብዙው ሰው ድንኳን ነው የሚይዘው፣ ሐምሌ ላይ ድንኳን ደግሞ ለለመደው ነው። ማታ በጣም ይበርዳል። ምግብ፣ ውሃ፣ መብራት ሁሉን ይዛችሁ ግቡ። ወጪው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው፦ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ነዳጅ። ጓደኛችሁ የእግር ጉዞ ወዳድ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። "አልጋው ለስላሳ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ጓደኝነታችሁን አትፈትኑት።

## አዋሽ መልካ፦ ዋሉበት እንጂ አትደሩበት

በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። አዋሽ ገና ወጣት ሆኖ የሚታየው እዚህ ነው፣ የአቃቂ ውሃም ገና አልተቀላቀለውም። እዚሁ ያለው መልካ ቁንጡሬ ሰውና የሰው ዘመዶች ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተመላለሱበት ቦታ ነው። ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ፣ 700,000 ዓመት የሚሆናቸው የልጆች የእግር አሻራዎችም ተገኝተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሙዚየሙ በጎጆ ቤቶች ውስጥ ነው፣ ቁፋሮው የተካሄደበትን ቦታም ያሳያችኋል።

እንግዲህ የወንዝ ዳር ጎጆ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ግን ዙሪያው መረሬ ነው፣ ወንዙም ከበቾ ሜዳ የሚመጣውን ውሃ ሁሉ ይዞ ነው የሚደርሰው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዳሩ ላይ ማደርን አልመክርም። ቀን መዋል ግን ግሩም ነው። ጠዋት ወጥታችሁ ሙዚየሙን አይታችሁ፣ ከድልድዩ ላይ ሆናችሁ የሞላውን አዋሽ ተመልከቱ። ጊዜ ካላችሁ በዚያው መንገድ ገፍታችሁ የጢያን ትክል ድንጋዮች ማየት ትችላላችሁ፣ እነሱ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ቆይተዋል። ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ግን ከአስፓልት ወጣ ስለምትል መንገዷን ሳትጠይቁ አትግቡ። ማታ ቤታችሁ ትተኛላችሁ። የአልጋው ብር ለጥሩ ምሳ ይውላል።

## ሶደሬ፦ ብርድ ለሰለቸው

ራቅ ይላል፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግን አዳማ ድረስ ፈጣን መንገድ ስለሆነ በሰዓት ሲቆጠር ከደብረ ሊባኖስ ብዙም አይበልጥም። እውነተኛ ወንዝ ዳር ነው፦ ያው አዋሽ፣ ትላልቅ ዛፎች፣ ፍል ውሃ። ቆላ ስለሆነ ሐምሌ ላይ በሸሚዝ ይታደራል። ዝናብ እየዘነበባችሁ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥን የመሰለ የክረምት ነገር አላውቅም።

ሁለት ማሳሰቢያ። ወንዙ አዞ አለበት፣ ስለዚህ ከገንዳው ውጪ እግር አይነከርም። ወባ ያለበት ከፍታ ስለሆነ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፣ ካልሆነ ይዛችሁ ሂዱ። ጦጣዎቹ ደግሞ ከእጃችሁ ዳቦ ይነጥቃሉ። ይህ ማሳሰቢያ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

እንጦጦን ለምን ዘለልከው የሚለኝ አይጠፋም። ቅርብ ነው፣ ጽዳቱና መንገዱ ጥሩ ነው፣ የሚታደርባቸው ጎጆዎችም አሉት። ግን ከከተማ የመውጣት ስሜት አይሰጥም፣ ብርዱም ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ብርድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነፃ ለሆነ ሰው ይበቃል።

## በአጭሩ

| ቦታ | ርቀት (ኪ.ሜ.) | ውሃው በክረምት | ብርዱ | ከአስፓልት እስከ በር | ወጪ ለሁለት ሰው | የሚያሰጋው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቢሾፍቱ | 45 ገደማ | ሐይቅ፣ የረጋ | ለስላሳ | ቀላል | ሐይቅ ዳር ከፍተኛ፣ ከተማ ውስጥ መካከለኛ | ጩኸት፣ ዋጋ |
| ደብረ ሊባኖስ | 100 ገደማ | ገደልና ፏፏቴ፣ ከላይ የሚታይ | ብርቱ፣ ነፋስ ያለው | ቀላል | መካከለኛ | ጉም፣ የመንገድ ሁኔታ |
| መናገሻ ሱባ | ከ30 እስከ 50 እንደ መግቢያው | ትንንሽ ጅረት | በጣም ብርቱ | ከባድ | ዝቅተኛ | ጭቃ፣ ምቾት ማጣት |
| አዋሽ መልካ | 50 ገደማ | የሞላ ወንዝ | መካከለኛ | ዋናው ቦታ ቀላል፣ ዙሪያው መረሬ | ዝቅተኛ፣ አዳር የለውም | ጎርፍ |
| ሶደሬ | ከ120 በላይ | ወንዝና ፍል ውሃ | የለም ማለት ይቻላል | ቀላል | መካከለኛ፣ ነዳጅና የመንገድ ክፍያ ይጨምራል | አዞ፣ ወባ |

## እንግዲህ ለማን የቱ?

መኪና ከሌላችሁ፦ ቢሾፍቱ። ሌላውን መኪና ያለው ጓደኛ እስክታገኙ አቆዩት።

ብር ካጠራችሁ ሁለት መንገድ አለ። ጭቃና ብርድ የማይበግራችሁ ከሆናችሁ መናገሻ። ካልሆነ ቅዳሜ አዋሽ መልካ ውላችሁ ቤት ተመለሱና እሁድን ተኙበት። ርካሽ ነው ብላችሁ ስሙ የማይታወቅ የወንዝ ዳር ቤት አትያዙ። ክረምት ላይ በጣም የረከሰ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የረከሰው በመንገዱ ወይም በውሃው ምክንያት ነው።

መካከለኛ በጀትና ደህና መኪና ካላችሁ ደብረ ሊባኖስን አስቀድሜ እመክራለሁ፣ የሳምንቱ መንገድ ሰላም እስከሆነ ድረስ። ጉሙ ቢያሸንፋችሁም እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ማውራት አለ። ብዙ ጊዜ የቆየ ጓደኛ፣ ከውጭ የመጣ አብሮ አደግ፣ የሚወራ ነገር ያከማቸ ሰው ከሆነ አብሯችሁ ያለው እንዲያውም እይታው ትርፍ ነው። ገና እየተዋወቃችሁ ከሆነ ግን ነጭ መስኮት ፊት ለፊት ሁለት ቀን ይረዝማል። ሐይቁም፣ ከተማውም፣ ሰውም ያለበት ቢሾፍቱ ይሻላችኋል።

ከሁለታችሁ አንዱ ሳል ወይም አስም ካለበት ወይም ብርድ ጉልበቱን የሚይዘው ከሆነ ያለ ክርክር ሶደሬ ሂዱ። ርቀቱን አትፍሩ፣ ዓርብ ማታ ሳይሆን ቅዳሜ በማለዳ ተነሱ።

ብር ችግር ካልሆነ ቢሾፍቱ ሐይቁን የሚያይ ክፍል ይዛችሁ፣ ግን ከቅዳሜ ይልቅ እሁድን አድራችሁ ሰኞ ተመለሱ። ፈቃድ ማግኘት ከቻላችሁ ማለቴ ነው። እሁድ ማታ ዲጄው የለም፣ ዋጋውም ላይ ቀነስ ማድረግ የሚችሉበት ቀን ነው፣ ጠይቁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ይመለስላችሁ፦ መንገዱ ቢዘጋ ወይም ውሃ ቢሞላ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል? ወደ ሌላ ቀን ከተባለ እስከ መቼ እንደሚያገለግል አስጽፉ። ጥቅምት ላይ የክፍሉ ዋጋ ሊጨምር ስለሚችል ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍንም አብራችሁ ጠይቁ።